የባለቤቴን ማንነት ለሚከልሰው የተከበረ ኮሚቴ

ለክቡር የኮሚቴው ሰብሳቢ
ባሉበት

ጤናዎ እንደ ውሎ አበልዎ ሳይጓደል እንዲሰነብት ከልብ እየተመኘሁ፣ ሥራዎን በማቋረጤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ሃብተሥላሴ የተባልሁ የወልድያ እህል ነጋዴ ስሆን፣ ባለቤቴ አበራሽ የጠፋባት መታወቂያ እንዲተካላት ካመለከተች ሰባት ወር ሆናት። አንገቷ ላይ ያለው እብጠት ደሴ ሄዳ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣላት ቀጠሮ ብንይዝም፣ መታወቂያ የላትም ተብለን ከኬላ ሁለት ጊዜ ተመልሰናል። ሦስተኛው ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ነው። አሁን ውኃ እንኳ የምትውጠው በጭንቅ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1. የባለቤቴ አባት ከአዲግራት መጥተው ቆቦ የከተሙ፣ እናቷ ደግሞ የመርሳ ተወላጅ ናቸው። በቅጹ ላይ ያለችው የብሔር ሳጥን ግን አንዲት ናት። እርስዎም በችኮላ ከመወሰን ይልቅ፣ ሊቃውንት ስለ ማኅበራዊ ማንነት የጻፉትን ሁሉ የሚከልስ ኮሚቴ አቋቋሙ። አንገቷ ላበጠ ሴት ይህን ያህል መጽሐፍ ሲነበብላት በሀብሩም በወልድያም አልሰማሁም።

2. ከአምስት ወር በኋላ የወጣውን አርባ ሁለት ገጽ ክለሳ ሱቄ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሚያዝያ 14 ቀን በማስታወሻ ደብተሬ ያሰፈርሁት እንዲህ ይላል፦ «ሊቃውንቱ ሰው በአንድ ጊዜ ከብዙ ወገን ሊሆን ይችላል ይላሉ። ኮሚቴውም ተስማምቷል። መደምደሚያው ላይ ግን አመልካቿ አንዱን ወገን በምስክር ታረጋግጥ ይላል።» በሃያ ስድስት ዓመት ንግዴ ሠርገኛ ጤፍን ነጭ ወይም ቀይ ካልሆንህ አልገዛህም ያለ ሸማች አላጋጠመኝም፤ እኔ ግን ሊቅ አይደለሁም።

3. ምስክር በተባለው መሠረት የእናቷን ጎረቤት ሂሻምን ከመርሳ አመጣሁ። ጸሐፊዎ ምንድን ናት ብሎ ቢጠይቀው፣ «ወላሂ፣ በእናቷ ሰርግ ለእስላሙ እንግዳ የሚሆነውን በሬ ያረደው አባቴ ነው። የኛ ልጅ ናት» አለ። ጸሐፊው «እኛ ማን?» ሲለው ሂሻም ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረና «ይሄ ልጅ የዚህ አገር ሰው አይደለም እንዴ?» አለኝ። ቃሉ «ከዝርዝሩ ውጭ» ተብሎ ተመዘገበ።

4. በመጨረሻ አበራሽ ራሷ ቀርባ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «ልጄ፣ ደስ ያላችሁን ጻፉና ልሂድ» አለች። ይህም «አመልካቿ ማንነቷን በቅጡ አታውቅም» ተብሎ ለተጨማሪ ጥናት ተመራ። ማንነቷንስ ታውቃለች፤ የማታውቀው እስከ መቼ እንደምትተነፍስ ነው።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ሳጥኗን በፈለጉት ይሙሏት ወይም ባዶ ይተዉልን፤ እስከ ሰኞ ማታ ግን ኬላ የሚያሳልፍ አንድ ጊዜያዊ ወረቀት እንዲሰጡን እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። እዚህ ላይ እየቀለድሁ አይደለም።

ለዕውቀት ያለዎት ትዕግሥት የእኛን ትዕግሥት ያስናቀ መሆኑን በአድናቆት እየገለጽሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሃብተሥላሴ፣ የአበራሽ ባል
ወልድያ፣ ግንቦት 19 ቀን

እንዳይረሳ፦ የሰፈራችንን እድር ዳኛ አቶ ሙላትን ጠይቄአቸው ነበር፤ ለቀብር መታወቂያ እንደማያስፈልግ አረጋግጠውልኛል። ክለሳው ቢዘገይ በዚያ በኩል ሐሳብ አይግባዎ።