ባዶ የተውሽው ገጽ

ልጄ፣

ፍሪጁ ላይ የለጠፍሽውን የአረጋውያን ድጋፍ ቢሮ ቅጽ ይዤ ወጥቻለሁ። ራሴ አስገባዋለሁ። አባቴ ጠፋ ብለሽ ሰፈሩን እንዳታተራምሺ።

«የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም» ብለሽ ጽፈሻል። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሱፍ የሰፋሁትን! በቁሜ ቀበርሽኝ እኮ። ሰርዤዋለሁ። «ገላውን የሚያጥበው ሰው ይፈልጋል» የሚለውንም ሰርዤዋለሁ፤ ምን ሲደረግ! ምሳ ቤት ድረስ ያመጣሉ የሚለውን ግን ትቼዋለሁ። ጨው ከምትረሺበት ሾርባሽ ሳይሻል አይቀርም።

የመጨረሻውን ገጽ ባዶ ትተሽዋል። «ለአስታማሚ ቤተሰብ» ይላል። እኔ ሞላሁት። ስምሽን ጽፌ ከሥሩ «እኔ ስነሳ እንድትሰማ ብላ ሁለት ዓመት ሶፋ ላይ ነው የምትተኛው፤ ብነግራት አትሰማም» አልኩ። እንዳንቺ ያሉት ሐሙስ ሐሙስ እዚያው ቢሮ ይሰበሰባሉ። ትሄጃለሽ። አልሄድም ካልሽ እኔም ወይ ፍንክች፤ ምሳቸውን አልቀምስም።

ደግሞ ኮትሽን ለብሰሽ ሂጂ። የወደቀውን ቁልፍ ሰፍቼልሻለሁ።
ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።
ይቺን ግን ቅጹ ላይ አልጻፍኳትም።

አባትሽ