ሕንፃውን ያዘመመው ካሜራ

ታኅሣሥ 9

የፍስሐ ድሮን ለጥገና ጠረጴዛዬ ላይ መጣ።

ታኅሣሥ 10

የጨርቅ ጅምላ ነጋዴው ፍስሐ። አርባ አምስት ዓመቱ ነው። እሑድ ሰው ልጆቹን ይዞ ሲወጣ እሱ ድሮኑን ይዞ ይወጣል። አሁን ግን አሻንጉሊቱ ሥራ አግኝቷል... አዲሱን የአክሲዮን ሕንፃ ከላይ ይቀርጻል፤ ያልተያዙት ሱቆች እንዲሸጡ ማስታወቂያ ይሠራበታል። የማብረሪያውን ፈቃድ ያወጣው የአክሲዮኑ ሰብሳቢ ጋሽ ደምመላሽ ነው። ወረቀቱን ላስቲክ አስለብሶ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል።

ካሜራውን አንጠልጥሎ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ክፍል፣ ጊምባል የሚሉት፣ ገና ሲበራ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል። ከዚያ "ሞተሩ ጭነት በዝቶበታል" ብሎ ስክሪኑ ላይ ጽፎ ይቆማል።

የምን ጭነት? ጠጋ ብዬ ሳየው ሌንሱ ላይ የስልክ መስታወት ተለጥፏል። እንዳይጫርበት ብሎ አብነት ሰፈር ካለ ስልክ ቤት በልኩ አስቆርጦ። በግራም ተመዝኖ የተሠራ ሞተር ላይ!

ዕቃ መጠበቅ አውቅበታለሁ፣ አለኝ ፍስሐ። ቤቱ ያለው ሶፋም እስካሁን ከነላስቲኩ ሳይሆን አይቀርም።

መስታወቱን ላጥኩት። ሞተሩ ጸጥ አለ። ፍስሐ መስታወቱን መልሽልኝ አለ። ሰጠሁት።

ታኅሣሥ 12

አሁን ደግሞ ምስሉ እንደ ውሃ ይወዛወዛል። ጊምባሉ ከድሮኑ አካል ጋር የሚገናኘው በአራት ትንንሽ ጎማዎች ነው፤ የሞተሩን ንዝረት የሚውጡት እነሱ ናቸው። አንዱ ተቀዶ በሱፐር ግሉ ተጣብቋል። ድንጋይ ሆኗል። ማን እንዳጣበቀው ጠየቅሁት። ጣራ ጣራ አየ።

ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጬ ሞከርኩ። ደረቅ ሆነ፣ ንዝረት አይውጥም። ምናለሽ ተራ ወርጄ ከተሰባበረ ድሮን ላይ አራቱንም ፈትቼ አመጣሁ። ተስተካከለ። ፍስሐ የዘመኑ ቴክኖሎጂ ነው እያለ ለሱቅ ጎረቤቶቼ ያስረዳል። ጎማ ነው።

ማታ ከመዝጋቴ በፊት ወንድሜ ይድነቃቸው ገባ። ከዚሁ ከአዲሱ የአክሲዮን ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ሱቅ ደርሶታል። አውቶቡስ ተራ ያለውን አሮጌ ሱቁን ጥር 1 አስረክቦ፣ የሚሸጣቸውን ሻንጣዎች ይዞ ይገባል። ስምንት ዓመት የጠበቀው ነው። መደርደሪያ አዟል። ስለ አምፖል ቀለም ሩብ ሰዓት አወራኝ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ቀረጽን። ምስሉ አይንቀጠቀጥም፣ አይወዛወዝም። ሕንፃው ግን ወደ ግራ ዘሟል።

ጋሽ ደምመላሽ ስክሪኑን አይቶ ካሜራው ሰክሯል ወይ አለ። ፍስሐ ቶሎ ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ነጋዴ መሆኑ ያስታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይጻፍ። ድሮኑ ቀጥ ያለ ምን እንደሆነ የሚማረው ሲለካ ከተቀመጠበት ቦታ ነው። እኔ ያስቀመጥኩት ጠረጴዛዬ ላይ። አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ፣ ብሎን ሁልጊዜ ወደ ግራ እየተንከባለለ የሚወድቅበት ጠረጴዛ። በፊልም ዘመን የጀመርኩ ካሜራ ጠጋኝ... ሌላ ሰው ቢያደርገው ስንት ቀን አወራበት ነበር?

ታኅሣሥ 15

ከጎረቤት በር ሠሪዎች ውሃ ልክ ተዋስኩ። የተሰበረ እምነ በረድ አገኘሁ፣ ከሥሩ ወረቀት እየጠቀጠቅሁ አስተካከልኩት። ድሮኑን እሱ ላይ አስቀምጬ እንደ አዲስ ለካሁ። ከዚያ ከጣራ ላይ ብሎን ያሰርኩበት ክር አንጠልጥዬ ቀረጽኩት። ክሩና የምስሉ ጠርዝ አብረው ይወርዳሉ። ፀጉር አይስትም።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ድሮኑን የሕንፃው ወገብ ላይ አቆምነው፣ ፊት ለፊት። ሰበብ እንዳይኖር።

ሕንፃው ዘሟል። ካለፈው ያነሰ ነው... ግን ዘሟል።

ፍስሐ ድሮኑ ማስተካከያ እንዳለው ያውቃል። በጣት ነካ ሲያደርጉት ጊምባሉ በትንሽ በትንሹ ያጋድላል። ጋሽ ደምመላሽ ይህን ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች። አድርጊው አለኝ። አደረግሁት። ሕንፃው ቀጥ አለ።

ከአክሲዮኑ ኮሚቴ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ ፈርሀት መነጽራቸውን አውጥተው ስክሪኑ ላይ ጎነበሱ።

"ሚናራችን ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም ሐጂ። ካሜራው ነው" አለ ፍስሐ።

"ከልጅነቴ ጀምሮ የሰገድኩበት መስጊድ ነው፣ ዘሞ አያውቅም። የእናንተን ፎቅ ለማቃናት መስጊዱን ታጋድላላችሁ?"

ሰው ሳቀ። ጋሽ ደምመላሽ አልሳቀም። ሚናራው ከምስሉ ተቆርጦ ይውጣ አለ። የመብራት ምሰሶውም ዘሞ ነበር። እሱም ይቆረጥ አለ። የጎረቤቱ ፎቅ ጠርዝም... እሱንም። ምን ሊቀር ነው? ሰማይ።

አንዱን ለማቃናት ሁሉንም ማዝመም ካስፈለገ፣ የዘመመው የትኛው ነው?

ከመሬት ሆኖ መዝመሙን ያየ የለም። እዚህ ገበያ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያየው ሸራና የተሸካሚ ጀርባ ነው።

ታኅሣሥ 22

ከግንበኞች ቱንቢ ተዋስኩ። የሕንፃውን ዘበኛ የቀረጻ ቦታ ልመርጥ ነው አልኩት። ስድስተኛ ፎቅ ወጥቼ በግራው ጎን ክሩን ከጣራው ጠርዝ አስሬ አወረድኩት። ታች ስደርስ ቱንቢው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ርቆ ቆሟል። ንፋስ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ንፋስ አልነበረም። በቀኙ ጎን ደግሞ ክሩ ግድግዳው ላይ ተኛ።

ደረጃው ሥር አዲስ ልስን አለ። ሌላው ግድግዳ ሳይነካ ያቺ ብቻ፣ እንደ ጠባሳ፣ ከታች እስከ ላይ።

ጋሽ ደምመላሽ ቢሮ ሄጄ ነገርኩት። አልደነገጠም። አለመደንገጡን ልብ አልኩ። አንቺ የካሜራ ሰው ነሽ፣ ሕንፃውን መሐንዲስ ፈርሞበታል፣ ደግሞ ቀስ በቀስ ይረጋል አለኝ። ይረጋል! ወተት ነው እንዴ?

ታኅሣሥ 23

ለይድነቃቸው ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ አንቺ ደግሞ ሰውም ዕቃም አይጥምሽም አለ። ወስጄ ክሩን ሳወርድለት መሳቁን ተወ። ስንዝሩን በገዛ እጁ ለካ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ። ማልቀስ ቢጀምር ምን እንደማደርግ እያሰብኩ ነበር።

አላለቀሰም።

"ማን ያውቃል?" አለኝ።

"እኔ፣ አንተ፣ ደምመላሽ።"

"እንግዲያው አፍሽን ያዢልኝ እታለም። ሰው እስካገኝለት ድረስ ብቻ።"

ሰው እስኪያገኝለት። ሱቁን የሚወስድለት ማለቱ ነው። ከደነገጠበት እዚህ እስኪደርስ አንድ ሲጋራ የሚጨስበት ጊዜ አልፈጀም።

ታኅሣሥ 25

አገኘ። የሻሽወርቅ ትባላለች። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። ባል የላትም፤ ሁለት ሴት ልጆቿ አብረዋት ይሠራሉ፣ ሦስቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ይውላሉ። አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ ስልኳን ጠግኜላት፣ የመብራት ቆጣሪው ያለበት ክፍል ሄጄ ስመለስ ሱቄን ስትጠብቅልኝ አገኘኋት፤ ማንም ሳያዛት።

ሰኞ ልትፈርም ነው። ከዚያ በፊት ሕንፃውን በትልቅ ፎቶ ማየት ፈልጋለች፣ ለልጆቿ ልታሳይ። ይድነቃቸው የተቃናውን ምስል አሳትመሽ ስጫት አለኝ። ያንቺ እጅ ሲሰጣት ታምናለች አለ። የምትናገሪው ነገር የለም፣ ሰጥተሽ መመለስ ነው። ደግሞ እሷ ባትወስደው ሌላ ሰው ይወስደዋል። የሱቁ ዕዳ እኔ ላይ ይውደቅ ትያለሽ? ልጆቼስ?

እሺ አልኩት።

ሳምንት ሙሉ ደምመላሽን ስንቀው ከረምኩ። እሱ እንኳ ያዘዘው ሌላ ሰው እንዲያቃናለት ነው። ምስሉን ያቃናሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ ጣቴ። አሁን ደግሞ አድራሹም እኔ።

ታኅሣሥ 26

ማተሚያ ቤት ወንበር ላይ ወረፋ እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው። ከፊቴ አንድ የሠርግ ባነርና አንድ የሙት ዓመት ፎቶ አለ።

ይድነቃቸው ሁለት ጊዜ ደወለ። አለቀ ወይ? አላለቀም። ፍሬም ጨምሪበት ይላል። ሸጋ ፍሬም።

ተራዬ ደረሰ። ሰውዬው ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ምስሉን ከፍቶታል። ሚናራ የለ፣ ምሰሶ የለ፣ ጎረቤት የለ። ሕንፃው ብቻውን ሰማይ ላይ ቆሟል። ያምራል፣ ምን ይዋሻል።

"የራስዎ ሱቅ ነው እትዬ?" አለኝ።

የወንድሜ ነው አልኩት።

"ታድሎ" አለ፣ ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ እየከተተ። "ስንት ቅጂ ላውጣ?"

ስልኬ ይጮኻል፣ ይድነቃቸው ነው። አላነሳሁትም። ካርዱን ከኮምፒውተሩ ላይ ነቀልኩት። እትዬ አልወጣም እኮ፣ ገና ነው፣ እያለኝ ነው። ካርዱ ውስጥ ሳይቃና የተቀረጸውም አለ፤ ሚናራውም ምሰሶውም ቀጥ ብለው፣ ሕንፃው ብቻ ዘሞ የቆመበት።

የሻሽወርቅ ሱቋን የምትዘጋው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ታክሲ አይገኝም፣ በእግሬ ነው።

ወጣሁ።