በሩን ሳልለቅ የቆምኩበት ማክሰኞ

እንደ እናት ላሳደጉኝ ለእትዬ ሠርኬ፤

ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ያ ጉልበትዎስ ለቀቅ አደረግዎ? የጋሽ አለሙ ሳልስ? እኔ ቸሩ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻዬን መብላቱን ብቻ አሁንም አልለመድኩትም።

ባለፈው «ሚስትህ ሐመልማል ካረፈች ወዲህ ከጥበቃና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መሄጃ የለህም» ብለው ተቆጥተውኝ አልነበር? እነሆ አንድ ተገኘ። የምጠብቀው የሙያ ማሰልጠኛ ተማሪዎች የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ቡድን አቋቁመው እኔንም አስገቡኝ። ጭስ ያየ ፊሽካ ይነፋል፤ አንዱ እሳት አደጋ ይደውላል፤ አንዱ መብራት ይቆርጣል፤ ሌላው ሁሉ ባንዲራው ሥር ተሰብስቦ ይቆጠራል። የኔ ድርሻ በሩ ነው። የእሳት አደጋ መኪናው እስኪገባ መንገዱን ክፍት አድርጎ መቆም፣ በቃ። በመጀመሪያው ልምምድ ግን ፊሽካውን ስሰማ ባልዲ አንጠልጥዬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። የቡድኑ መሪ አዲስዓለም፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ «ጋሼ፣ እሳቱን ትተን እርስዎን ልንሸከም ነው?» ብላ ግቢውን አሳቀችብኝ። ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እውነቷን ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የምሩ መጣ። የብየዳ ፍንጣሪ የወንበር ስፖንጅ ላይ አርፎ ጭሱ ግቢውን ሞላው። የመርካቶን ሰው ያውቁታል፤ እሳት ከተባለ ማንም አይቀርም። የእህል በረንዳ ተሸካሚዎች ጀሪካን ይዘው ጎረፉ፤ ከፊት ወዳጄ ሐምዱ። በሩን ከሞሉት መኪናው በየት ይገባል? እጄን ዘርግቼ ከለከልኳቸው። ሐምዱ «አሸብር፣ ልጆቹ ሊቃጠሉ ነው፣ አንተ ዘብ ትቆማለህ? ልብ የለህም?» ሲለኝ ቃሉ አጥንቴ ድረስ ገባ። «ልብማ አለኝ፤ አንተ ጋሪዎቹን ከመንገድ አስነሣልኝ» አልኩት። እየሰደበኝ ሄዶ አንድ ሳያስቀር አስነሣ።

ወዲያው አዲስዓለም «አንድ ጎደለ! ጠሂራ የለችም!» ብላ ጮኸች። አልዋሽዎትም፣ እትዬ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ሄጃለሁ። ከዚያ አዛን የተባለው ቅድም መሆኑ ትዝ አለኝ። ጠሂራ በዚያ ሰዓት ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ትሰግዳለች። ዘወትር ሳያት እኔም በልቤ አባታችን ሆይ ስለምል አውቃለሁ። «ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ናት!» ብዬ ጮህኩና ወደ በሩ ተመለስኩ። ከቡድኑ ጭምብል ያጠለቁ ሁለት ልጆች ጭሱ መውጫ አሳጥቷት ግድግዳ ተደግፋ አገኟት። በባዶ እግሯ ደግፈው አወጧት። መኪናውም ሳይቆም ሰተት ብሎ ገብቶ እሳቱን አጠፋ።

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ልንገርዎ። ሐመልማል የታመመች ዕለት ታክሲ ፍለጋ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ስሮጥ ነው ብቻዋን ያረፈችው። ጎረቤት ልኬ እጇን ይዤ መቀመጥ እችል ነበር። ያ መሮጥ እስካሁን ውስጤ ነበረ። ማክሰኞ ግን መቆም ቻልኩ። ኃጢአት ከሆነ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ኮርቻለሁ።

ሐምዱ በማግስቱ መጥቶ «ያንተ ልብ እንደ ቁልፍ በር ላይ ነው የሚንጠለጠለው» ብሎ አሾፈብኝና አብረን ምሳ በላን።

የጋሽ አለሙን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ማታ ማታ ብርድ እንዳይመታቸው። ይህን የምታነብልዎት ኤልሳቤት እዚህ ላይ ድምጿን ከፍ ታድርግ፤ አጎቷ ናፍቋታል። ለጎረቤትም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ልጅ ሳለ «አንድ ቦታ አይረጋም» ይሉት የነበረው ያ አሸብር ረግቶ ቆመ ብለው ይንገሯቸው።

ወንድምዎ አሸብር
መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.