ስለ ሰባተኛው ፎቶ

መካነ ሰላም
ኅዳር 14 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለውድ ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ትንሹን ሳሉ እንደለቀቀው ሾፌሩ አራጌ ነግሮን ደስ ብሎናል። እኛ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ሁላችንም አለን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አትውልም። አጎታችን ቄስ ላቀው ዓይኑ ደክሟል፤ ቅዳሴውን ግን በቃሉ ስለሚያውቀው ብዙ አልተቸገረም። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ይመስላል፤ ውርጭ ካልመታው።

ደብዳቤህና ትልቁ ፎቶ ደርሰውኛል። አራጌ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጎ ጋቢና ውስጥ ስላመጣው አንድ ጥጉ እንኳ አልታጠፈም። «አስተያየትሽን ጻፊልኝ፤ እኔ እንዳልራራሁልሽ አንቺም አትራሪልኝ» ብለሃል። ይኸው ሦስት ሳምንት አቆየሁት። ደብዳቤዎቼን ለቤተሰቡ ጮክ ብለህ እንደምታነብ ስለማውቅ የምጽፈው ስለ ፎቶው ብቻ ነው።

ካሜራዋን የላክህልኝ በ1963 ነው፤ አንተ ደሴ በገባህ በአምስተኛው ዓመት፣ እኔ ማስተማር በጀመርኩ በዓመቱ። የመጀመሪያው የፊልም ጥቅል ፎቶ ቤትህ ታጥቦ ሲመለስ ከአሥራ ሁለቱ የወጡት አምስት ነበሩ። በየጀርባቸው በእርሳስ ጽፈህባቸዋል። በቄስ ላቀው ፎቶ ላይ «ጥላው መልካም ነው፤ ግን የአጎታችንን ጥምጣም ቆርጠሽ ለግድግዳው ቦታ ሰጥተሻል» ይላል። በተማሪዎቼ ላይ «ሁሉም ጨፍነዋል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት አታቁሚያቸው»። በገበያው ላይ ደግሞ «ማንን እንዳይ ነው የላክሽልኝ? ቅረቢ»። ያን ቀን አልቅሻለሁ። እየቆየ ግን ሥርዓትህ ገባኝ፤ መጀመሪያ የተሳካውን ትጽፋለህ፣ ቀጥለህ ጉድለቱን፣ ከዚያ በሚቀጥለው ምን ማድረግ እንደምችል። ዛሬ የተማሪዎቼን ደብተር የማርመው በዚያው መንገድ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝም አሥርም ይወጣልኝ ጀመር። «ቅረቢ» የምትለው ብቻ አልቀረችም።

በሐምሌ 1965 ቀረብኩ።

ያኔ ከማሻ መንደር በኩልም ከቆላውም የመጣው ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ከብቦ ሰፍሮ ነበር። በጊዜው አልጻፍኩልህም። አንድ ሹም ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ረሃብ የሚል ቃል ያወጣ መምህር ከሥራው እንደሚታገድ ነግሮናል። «ዝናቡ ዘገየ በሉ» ነበር ያለን። ካሜራዋን ነጠላዬ ሥር ይዤ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ሹሙ አስጠርቶኝ ምን እንደማነሳ ጠየቀኝ። የትምህርት ቤቱን ልጆች ነው አልኩት። ፊልሙን አምጪ አለኝ። ገና ያልተነሳበትን አዲሱን ጥቅል ሰጠሁት። ከፊቴ ተርትሮ ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አየውና ሳቀብኝ። «ምንም የለበትም እኮ! ተምረሽ ተምረሽ ይህን ማንሳት አቃተሽ?» አለኝ። የተነሳበትም ቢሆን ሳይታጠብ እንዲያ ሲዘረጋ ምንም እንደማይታይበት አላወቀም። ይቅርታ ጠይቄው ወጣሁ።

የተነሳበት ጥቅል በአራጌ የስንዴ ጆንያ ውስጥ ነበር። «አብሽሪ፤ እኔ ጆንያ ውስጥ ማንም እጁን አይከትም» ብሎ ወሰደልኝ።

በወሩ አሥራ አንድ ፎቶ መለስክልኝ። በአንደኛው ላይ «እጅሽ ተንቀጥቅጧል» ብለሃል፤ እውነት ነው፣ ተንቀጥቅጧል። በአራተኛው ላይ «ይህ ደህና ነው። ሌላ የምለው የለኝም» ብለሃል። ከሁሉም ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበረች፦ «ሰባተኛው አልወጣም»። ሳይወጣ ለቀረ ፎቶ ሁልጊዜ ምክንያቱን ትጽፍልኝ ነበር፤ ብርሃን ገባበት፣ ወይም ተደራረበ። በዚያኛው ላይ ምክንያት አልጻፍክም። እኔም አልጠየቅኩህም።

አሁን ያ ያልወጣው ፎቶ ወጥቶ፣ አድጎ፣ ቀለም ተቀብቶ መጣልኝ። ደሴ በሚዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ሊሰቀል ነው አልከኝ።

ከተሳካው ልጀምር። እኔ ያነሳሁት መሆኑን ተጠራጥሬአለሁ። ድንጋዩ ላይ ያረፈው የሴትዮዋ እጅ፣ የነጠላው ጥለት፣ የቅጥሩ ካብ፣ ሁሉም ተለይቶ ይታያል። ብሩሽህ የት ጀምሮ የት እንዳቆመ በጣቴ ዳስሼም አላገኘሁትም። እንዲህ ያለ ሥራ ደሴ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጉድለቱ ከጉንጯ ይጀምራል። ሞልተህላታል። ያኔ ጉንጭ አልነበራትም። ኤግዚቢሽኑን የሚያይ ሰው ጠግባ የምትለምን ሴት ናት ይላል፤ በዚያ ክረምት ሹሙ ይለን የነበረውም ይህንኑ ነው። ለማሳመር ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ሙሽራ ፎቶ ቤት ስትመጣ እንዲሁ ታደርጋለህ፤ ለሙሽራ መልካም ነው።

ከጎኗ የተኛውን ሽማግሌ ደግሞ አጥቁረህ ጥላ አደረግኸው። ፎቶው ጠርቷል፤ ዓይን እሷ ላይ ብቻ ያርፋል። ነገር ግን የእጇ ጣቶች ከድንጋዩ ወርደው የአባቷን ራስ ነክተው ነበር፤ አሁን የተዘረጋ እጅ ሆኖ ቀረ፤ ለምን እንደተዘረጋ አይታወቅም። ሽማግሌው ባነሳሁት በአራተኛው ቀን ሞተ፤ ፍትሐት ያደረሰለት ቄስ ላቀው ነው። ሌላ ፎቶ የለውም።

አንገቷን በሚመለከት አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ሳነሳት ነጠላዋን እስከ አገጯ አጥብቃ ተከናንባ ነበር። አንተ ነጠላውን በቀለም ገለጥ አድርገህ አንገቷን አውጥተሃል፤ በአንገቷ ላይም ንቅሳት ስለሃል። ሦስት መስመር፣ ታችኛው ወደ ግራ ያዘነበለ። ሥራው እጅግ ጥሩ ነው። ንቅሳቷ ልክ እንደዚያ ነው፤ ነቃሿ ታችኛውን ስትጀምር ዝናብ መጥቶ እንደተቻኮለች እኔም ልጅ ሆኜ ሲወራ ሰምቻለሁ። ፊልሙ ላይ ግን የለም። እኔም በደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ከየት እንዳመጣኸው አልጠይቅህም፤ ሌላ ሰው እንደሚጠይቅህ ግን አስብበት።

ከሥሩ «ያልታወቀች ሴት፣ ወሎ፣ 1965» ብለህ ጽፈሃል። ይህ ከሁሉም የባሰው ስህተት ነው። ስሟ ሸጋዬ ይባላል። እናታችን ቤት ያልታወቀች ሴት አይደለችም።

በደብዳቤህ ግርጌ «ለመግለጫው እንዲሆነኝ፣ ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?» ብለሃል። እነግርሃለሁ። በፊት ግን የራሴንም ጥፋት ልጻፍ፤ ፎቶውን ሳነሳ ማን መሆኗን አላወቅኩም። ፊቷ ላይ ብርሃኑ ጥሩ ነበርና ቀረብኩ፤ አነሳሁ፤ ቀጣዩን ለማንሳት ፊልሙን ስጠመዝዝ ነው ቀና ብላ በልጅነት ስሜ የጠራችኝ። ካሜራውን ነው ያስቀደምኩት፤ ውሃውን ያመጣሁላት ኋላ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አባቷ ከተቀበረ በኋላ ይዣት ወደ ቤት ሄድኩ። እናታችን በር ላይ ቆማ ከሩቅ አካሄዷን አየችና የያዘችውን እንስራ መሬት አስቀመጠች። ስሟን አልጠየቀቻትም። «ግቢ፤ ቦታሽ እንዳለ ነው» አለቻት። ባሏ ለሁለት ወር ብሎ ከተማ ከወጣ ያኔ ሰባተኛ ዓመቱ ነበር፤ አባቷ ቤት ሆና ስትጠብቀው ቆይታለች። ይህንን ግን ከእሷ አፍ አልሰማንም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስሙን አንስታ አልወቀሰችውም። እናታችን ብቻ አንዳንዴ ገብስ ስትለቅም ድንገት ታቆምና «እኔ ነኝ የወለድኩት» ትላለች፤ ሸጋዬም ያልሰማች መስላ ወፍጮውን ትቀጥላለች።

አምና የመሬቱ አዋጅ ሲመጣ ወደ ማሻ ተመለሰች። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ የባልሽን ስም ንገሪኝና ልመዝግብሽ ቢላት «ባል የለኝም፤ እኔን ጻፍ» አለችው። መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር። ሦስት ቀን ከደጁ ተቀምጣ አስጻፈች። የአባቷን ማሳ ለሁለት ከፍለው አንዱን ሰጧት። ጤፍና ባቄላ ዘርታበታለች። ጉንጯም ሞልቷል፤ በራሱ ጊዜ።

ባለፈው ሳምንት ለእናታችን ባቄላ ይዛ መጣች። ፎቶህን አሳየኋት፤ ልደብቃት ብዬ ነበር፣ ግን የእሷ ፊት ነው። በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ብዙ ጊዜ አየችው። መጀመሪያ ሳቀች። «ያኔ እንዲህ ሆኜ ቢሆን ኖሮ እዚህ ደጅ ምን አመጣኝ?» አለች። ቀጥላ አባቷ ወዴት እንደሄደ ጠየቀችኝ። ጥላው ውስጥ ነው አልኳት። መጨረሻ ላይ ንቅሳቱን በጣቷ ነካች፣ መስመር በመስመር። ፎቶውን በካርቶኑ መልሳ አስገብታ «ዓይኑ ደህና ነው» አለችኝ።

ከዚያ እኔን አንሺኝ አለች። ግቢው ውስጥ፣ የጭዱ ክምር አጠገብ አቆምኳት። ልቅረብ ስል «ፊልሙ የት ነው የሚታጠበው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ቀጥ ብላም ቆመች። «በይ አንሺ» አለችኝ። አነሳኋት።

ጥቅሉን በአራጌ ልኬልሃለሁ። የእሷ የመጨረሻው፣ አሥራ ሁለተኛው ነው። እንዳለ እጠበው። እርሳስም ብሩሽም አታስነካው። ሰባተኛውን ፎቶ በተመለከተ፣ እኔን ካልከኝ፣ ሽማግሌውን መልስበት፤ አንገቷን መልሰህ ሸፍነው፤ ከሥሩም ስሟን ከነአባቷ ጻፍ። አልችልም ካልክ ከኤግዚቢሽኑ አውጣው፤ አራተኛው ይበቃል።

በአዲሱ ላይ አስተያየት ካለህ ግን ለእኔ አትጻፈው። ዘማች ተማሪዎቹ ማሻ ላይ ፊደል አስተምረዋታል፤ ፈጠን ባትልም የእጅ ጽሑፍ ታነባለች። ለእሷ ጻፍላት።

እናታችን «ልጆቹን ያሳድግልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ዓይንህን አይንሳህ» ብላሃለች። ቄስ ላቀው በጸሎት ያስብሃል። ባለቤትህን አክብሬ ሰላም ብያታለሁ። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ