የልጄ ራስ የየትኛው ክፍል ነው?

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣
ከመልካሙ ወንበርዎ ላይ ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከደጅ በጥላ ሥር የሚቆመው መኪናዎ ሳይቀር ደኅና ናቸው? ለእርስዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ለአፍ ያህል እንዳይመስልዎ፤ እርስዎ ቢታመሙ በየትኛው በር እንደሚገቡ ስለማላውቅ ከልቤ ነው የማስበው። በተለይ ራስዎን ባያምዎ ይመረጣል።

በመልክ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ በድምፅ ግን እንተዋወቃለን። እኔ ሞንታርቦ አከራይ ነኝ። ሰርግም ሆነ ምርቃት፣ ስብሰባም ሆነ ስንብት፣ ሰው ከሰው በላይ መሰማት በሚፈልግበት ቦታ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ተሸክሜ እገኛለሁ። አምና በግቢዎ በተከበረው የታካሚዎች ቀን «ታካሚ ንጉሥ ነው» ብለው ያስጨበጨቡበት ማይክ የእኔ ነበር፤ ጭብጨባው ሳሳ ሲል ሌላ ማይክ ወደ ሕዝቡ አዙሬ ከፍ ያደረግሁልዎም እኔው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ እኔ ጥቂት ብናገር በውለታ ይቁጠሩልኝ።

ለዚህ ግልጽ ደብዳቤ ያበቃችኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ናት። በቤታችን ጠበቃ እያልን ነው የምንጠራት። ሳህን የማጠብ ተራዋ ሲደርስ ይግባኝ የምትል፣ እኔን አፌን አስይዛ እናቷን በሳቅ የምትገድል ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ግን ከግራ ዓይኗ ኋላ የጀመረ ራስ ምታት ያዛትና አልለቅ አላት። እንደ ማንኛውም ራስ ምታት ውሎ አድሮ የሚሄድ አይደለም፤ ጠቅልሎ ገብቷል። ብርሃን ያማታል፣ ድምፅ ያማታል፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል። እናቷ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳላት፣ እሷ ግንባሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ይግባኝ ማለቱንም ትታዋለች።

ሆስፒታልዎ በዚህ ጉዳይ የዋለልን ውለታ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ቢሆንም ማመስገን ወግ ነውና የቻልኩትን ያህል በቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ሥራዬን ስለመረመራችሁልኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ በተመላላሽ ክፍል ያዩን ወጣት ሐኪም ልጄን ቀና ብለው ሳያዩ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ሞንታርቦ አከራያለሁ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ የእስክሪብቷቸውን ክዳን ገጥመው «እንግዲህ ምክንያቱ ተገኘ! ከቤት አውጡት» አሉ። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእነዚያ ዕቃዎች ጋር እንዳደገች፣ ዕቃዎቹም ቤት ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን ጸጥ ብለው እንደሚቆሙ ለማስረዳት ብሞክርም፣ ታካሚ ንጉሥ ነው በተባለበት ቤት ንጉሥ ብዙ መናገር አይገባውም መሰለኝ፣ በትሕትና ተሸኘሁ። ምክሩን ሰምተን ዕቃውን ሁሉ በጋሪ ጭነን ወደ ባለቤቴ ወንድም ቤት አጋዝነው። ሞንታርቦው ሄደ፣ ራስ ምታቱ ቀረ። አሁን መተላለፊያ አጥቶ ራሱን ይዞ የሚውለው አማቼ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጄን በእግር ጉዞ ስላበረታችሁልኝ አመሰግናለሁ። የሕፃናት ክፍልና የአዋቂዎች ክፍል በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ ፊት ለፊት እንደሚተያዩ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። በሕፃናቱ በር ላይ ፊኛ የያዘ ዝሆን ተሥሏል። ወደዚያ ስንገባ ሲስተሯ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አይተው «ኧረ ይቺማ ከእኔም ትረዝማለች! እኛ እስከ አሥራ አራት ነው፣ ማዶ ሂዱ» አሉን። ማዶ ስንሻገር ደግሞ «ከአሥራ ስምንት በታች ሕፃን ናት፣ ወደ ዝሆኑ መልሷት» ተባልን። ወደ ዝሆኑ ሄድን፤ ዝሆኑም መለሰን። እንዲህ ስንመላለስ ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ከዚህ የተረዳሁት በሁለቱ መሃል ያለው ዕድሜ በሆስፒታልዎ ለመታመም ያልተፈቀደ መሆኑን ነው። ቀደም ብሎ ቢነገረን ኖሮ ልጄ በአሥራ አራት ዓመቷ ታማ ትገላገል ነበር።

ነገሩን የፈረዱልን የጥበቃ ሠራተኛው ናቸው። በሁለቱ በሮች ትክክል መሃል፣ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን አግዳሚ ወንበር አሳይተው «ይቺ የማንም አይደለችም፣ እዚች አረፍ በሉ» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተሰባችን አድራሻ እሷው ሆናለች።

የአግዳሚዋ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ከበላይዋ ግድግዳው ላይ የታካሚ ስም የምትጠሩበት ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ክቡር ሆይ፣ ከሙያዬ ልናገርና፣ በኮሪደሩ ካሉት በሽተኞች ሁሉ የባሰበት እሱ ነው። ስም ከመጥራቱ በፊት ያፏጫል፣ ከጠራ በኋላ ይንኮሻኮሻል፣ መሃል ላይ ያለውን ስም ግን ማንም አይሰማውም። ባፏጨ ቁጥር ልጄ ጆሮዋን ይዛ ጉልበቷ ላይ ትደፋለች። ሞንታርቦ ከቤታችሁ አውጡ የተባልን ሰዎች ሞንታርቦ ሥር ቁጭ አልን ማለት ነው፤ ወይ ጉድ! በነፃ ልጠግነው ብዬ መሰላልና መፍቻ ይዤ ብመጣ፣ ጥገና በጨረታ ብቻ ነው ተብሎ መሰላሌ በር ላይ ቀረ።

ሦስተኛው በቦታው የለም። ስለ አንዲት ሲስተር በጣም ያማረ ስድብ ጽፌ ነበር። ሕመሙ ጋብ ባለላት ሰዓት ደብዳቤውን ቀስ ብዬ ሳነብላት፣ እዚህ ስደርስ ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ «አባዬ፣ ሴትዮዋ እኮ ያን ሁሉ ሰው ብቻዋን ነበር የምታስተናግደው፤ ሰርዘው» ብላ ፈረደች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለተከራከረችኝ ደስ ብሎኝ ሰረዝኩት። ሲስተር፣ አምልጠዋል፤ ጠበቃዎን ያመስግኑ።

አራተኛ፣ «ለዛሬ ብቻ» እያሉ ከሁለቱም ክፍል ተራ በተራ ላዩዋትና ስለ ልጄ ሁሉን ነገር ከእሷ በፊት ላወቁት ሐኪሞችዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንዱ ፈተና ፈርታ ነው አሉ፤ ፈተናው ገና አልደረሰም። ሌላው የስልክ ጣጣ ነው አሉ፤ እናቷ ስልኩን ቆለፈችበት፣ ስልኩ እስካሁን ጤነኛ ነው። መነጽር ታዘዘላትና ገዛንላት፤ አሁን ራስ ምታቷን አጥርታ ታየዋለች። አንዲት ሐኪም ደግሞ እኛን ወላጆቿን ደጅ አስወጥተው በለሆሳስ «የወንድ ጓደኛ አለሽ ወይ?» ብለው ጠየቋት። እሷም «ቢኖረኝ ኖሮ ራሱን የሚያመው እሱን ነበር» አለቻቸው። ይህን ስትነግረን እኔ ሳቅሁ፣ እናቷ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ከልጅቷ አፍ ቀልድ ወጥቶ አያውቅም። ከሐኪሞችዎ ሁሉ ልጄን ራሷን ያነጋገሯት እኚህ ብቻ ናቸው፤ የጠየቋትም ይህንኑ ብቻ ነው።

ሌሎቹ የሚጠይቁት እኔን ነው። እንዴት ነው የሚያማት ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ! ባለ ራሷ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አፍ አላት፣ ያውም ምን የመሰለ አፍ! አንድ ቀን እንደ ምንም ብላ «እኔ ልናገር?» ብትል «ቆይ የኔ ልጅ፣ አባትሽ ይጨርሱ» ተባለች። አባትሽ እስካሁን አልጨረሱም፤ ይኸው በጽሑፍ ቀጥለዋል።

አምስተኛ፣ ስለ ቀጠሮው። ራስ የሚያዩ የነርቭ ሐኪም እንዳሉ የነገሩን እኒያው የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። ቀጠሮ ክፍል ሄደን ስንጠይቅ ግን «እሳቸው አዋቂ ነው የሚያዩት፣ አሥራ ስምንት ሲሞላት ትምጣ» ተባልንና የልደቷ ማግስት ተያዘልን። ለራስ ምታት ልደት ሲታዘዝ በዕድሜዬ የሰማሁት በእርስዎ ቤት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ቀጠሮ አለን። እስከዚያ ምን እናድርግ ብዬ ብጠይቅ «አይዞዎት፣ ልጅ ማደጉ አይቀርም» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለጊዜው ላስቀምጠውና፣ እኔ የምፈራው ይህንኑ ነው፤ ማደጓ እንዳይቀር። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእኔ ቤት ዝምታ ግን ነቅዟል። በድምፅ የምኖር ሰው ቤቴ ስገባ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የምራመደው። እናቷ በየጊዜው በሩን ገርበብ እያደረገች ትተነፍስ እንደሆነ ታያለች። እኔ እንዳላየ አልፋታለሁ፤ እሷ ዞር ስትል እኔም ከፍቼ አያለሁ። ሕመሙ ቀላል ይሁን ከባድ አናውቅም፤ የሚያውቅ ሰው እንዲነግረን ነው የመጣነው። ፈርተናል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ባለቤቴ እንደ እኔ ምላሷ ረጅም አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ናት። የልደቱን ቀጠሮ በሰማች ማግስት መርፌና ክሯን ይዛ መጥታ ከአግዳሚዋ ላይ ተቀመጠችና የሰው ቀሚስ መጥለፍ ጀመረች። ምን እየሠሩ ነው ሲሏት «ልጄ እስክታድግ እየጠበቅሁ ነው» አለች። በነጋታውም መጣች። ሰንበትበት ሲል ወረፋ የሚጠብቁት ታካሚዎች ቁልፍ ማስተከል፣ የተተረተረ ኪስ ማሰፋት ጀመሩ፤ የጥበቃ ሠራተኛው ካፖርት እንኳ ከዘመናት በኋላ ቁልፍ አገኘ። በመጨረሻ ኮሪደሩ ገበያ ሊሆን ነው ብለው የሰጉት የአዋቂዎቹ ክፍል ኃላፊ፣ የነርቭ ሐኪሙ ልጃችንን የፊታችን ሐሙስ ጠዋት እንዲያዩልን ፈቀዱ። ልጅ ናት ወይስ አዋቂ የሚለው ለጊዜው በይደር ታልፏል።

ታዲያ አሁን ምን ጎደለህ ይሉኝ ይሆናል። ሐሙስ፣ ክቡር ሆይ፣ የዘንድሮው የታካሚዎች ቀን ነው። ጽሕፈት ቤትዎ በትልቁ ሞንታርቦ እንድመጣ አዝዞኛል። መድረኩ የሚተከለውም ግቢው ውስጥ፣ ልክ በአግዳሚዋ መስኮት ትይዩ ነው። እርስዎ ከመስኮቱ ወዲያ ስለ ታካሚ ክብር ሲናገሩ፣ ልጄ ከመስኮቱ ወዲህ ጆሮዋን ይዛ ትደፋለች ማለት ነው፤ አጉልቶ የሚያደርስላት ደግሞ አባቷ። መድረኩን ወደ መኪና ማቆሚያው አዙሩልኝ ብዬ ብለምን፣ ከኋላ ያለው የአበባ አጥር ለፎቶ ያምራል አሉኝ። ራስ ሳይጠና ጉተና የሚባለው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ከሁለቱ አንደኛውን በር ለእነዚህ ልጆች ክፈቱላቸው፤ ዝሆን ይኑርበት አይኑርበት ግድ የለኝም። ሐሙስ የሚያዩዋት ሐኪምም ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ዞር ብለው «እስቲ ንገሪኝ» ይበሏት። ከዚያ አረፍ ብለው ይስሟት። ትንሽ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ጠበቃ ናት።

ለሰጡን ወንበር፣ ላስተማሩን ትዕግሥት፣ ላጠነከሩልን እግር ሁሉ ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የሁልጊዜ ባለዕዳዎ፣
በሁለት በሮች መሃል ካለችው፣ የማንም ካልሆነችው አግዳሚ፣
የጠበቃ አባት፣ ሞንታርቦ አከራዩ

ሳልረሳው፦ ሐሙስ ዕለት ንግግርዎን ሲጀምሩ ድምፅዎ አልወጣ ቢል እንዳይደናገጡ። ማይኩን በጣትዎ አያንኳኩት፣ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» እያሉም አይድከሙ፤ መብራት አልጠፋም፣ ዕቃውም ደኅና ነው። ማብሪያው በእኔ እጅ ነው፤ ልጄ ደግሞ ከመስኮቱ ወዲህ ተራዋን እየጠበቀች ነው። እሷ ገብታ መናገር ስትጀምር፣ እርስዎም ይናገራሉ።