ድምፁ የጠፋው ፊልም

ውድ ወንድምአገኝ፣

እንዴት ባጀህልኝ? በጋሽ ታከለ አይሱዙ የላክኸው ቃል ደርሶኛል። «ለዘመን መለወጫ ፍኖተ ሰላም እመጣለሁ፤ እንደ ልማዳችን ቁጭ ብለን የዓመቱን ፊልም እንመርጣለን» ብለሃል አሉኝ። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ከቡሬ የሰማሁት የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነው። እሳቸው እንደወጡ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ሥር ቁጢጥ ብዬ በደስታ አለቀስኩ። ከዚያ ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ እንዲገባህ ምርጫዬን በጽሑፍ ልንገርህ።

ሦስተኛ ያደረግሁት ጓደኛዬ ያምሮት በፍላሽ ያመጣችልኝን የኮሪያ ፊልም ነው። ማሽተት የተሳነው ዳቦ ጋጋሪ ታሪክ ነው፤ ዳቦው ሲያርበት የምትነግረው ጎረቤቱ ናት። የስልኬ ባትሪ እያለቀ ቆራርጬ ነው የጨረስኩት። አንተ «ይጎተታል» ትል ነበር፣ እኔም እጣላህ ነበር።

ሁለተኛው የአማርኛ ኮሜዲ ነው። ሁለት ዘመዳሞች በአንድ ቀን ሠርግ ደግሰው በአንድ ድንኳን ይጣላሉ። ከት ብዬ ስስቅ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ቀስ በይ ልጄ፣ ውጭ ይሰማል» አለችኝ። በገዛ ቤታችን ሳቅ እንኳ የሚያስፈራን ሆነናል።

አንደኛው ግን መጨረሻውን ያላየሁት ነው።

ነሐሴ ውስጥ፣ ከተማው ረገብ ያለ መስሎን፣ ስመኘው ቪዲዮ ቤቱን ከፈተ። መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን ታውቃታለህ። ከሥራ ለምሳ ስወጣ ገባሁ። ፊልሙ ጦርነት በገባበት አገር የጠፋች ልጁን ስለሚፈልግ አባት ነው። አባትየው ድልድይ ሊሻገር ሲል ተኩስ ተነሣ፤ እኛም ፈዝዘን እናያለን። ድንገት በሩ ተበርግዶ እማማ ሸጋዬ፣ ጌሾ የሚሸጡት፣ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ ገቡ።

«ኧረ ዝጉት! ዝጉት ልጆቼ!»

ስመኘው ደንግጦ የፊልሙን ድምፅ አጠፋው። ተኩሱ ግን አልቆመም።

ወንድምአገኝ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? ሁላችንም ወለሉ ላይ ተኛን። ከቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ጧ ብሎ አቧራ ረገፈብን። እማማ ሸጋዬ ክንዴን ጨምድደው ይዘዋል። ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋ ሰው ስላልነበረ ፊልሙ ያለ ድምፅ ይሄዳል።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ልጁ ጠፍታበት ነው፣ እማማ።»

«ያገኛታል?»

«እንጃ፣ እኔም ገና ማየቴ ነው።»

«እንግዲያው እያየሽ ንገሪኝ፣ በሞቴ። ይኼን ውጭ ያለውን እንዳልሰማው።»

ነገርኳቸው። የማይሰማውን ንግግር ከራሴ እየፈጠርኩ ነገርኳቸው። ወለሉ ላይ የተኛው ሰው ሁሉ ጭጭ ብሎ ያዳምጠኝ ጀመር። ስመኘው ብቻ አላስቻለውም። ሚስቱ ሕፃኗን ይዛ መንገድ ማዶ እናቷ ቤት ነበረች።

«እነሱን ላያቸው ነው» አለ ብድግ ብሎ።

«እብድ ነህ እንዴ? ተኛ!» ብለው አጠገቡ ያሉት ልብሱን ያዙት። መንጭቆ ወጣ።

ተኩሱ ጋብ ሲል መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስመኘው መናኸሪያው በር ላይ ወድቋል፤ ጥይት ጭኑን መትቶታል። ነጠላዬን ቀድጄ አሰርኩት። በሥራዬ ስንት ቁስል አሽጌያለሁ፣ ያን ቀን ግን ቋጠሮውን ሦስቴ ፈትቼ አሰርኩት። እሱ ስለ እግሩ አልጠየቀኝም። «ሚስቴስ? ልጄስ?» ይለኛል። ሁለቱም ደኅና ነበሩ፤ አልጋ ሥር ተደብቀው ተገኙ። እሱም ተርፏል። በምርኩዝ ይሄዳል። ቪዲዮ ቤቱ ግን ተዘግቷል፣ ያ አባት ልጁን ያግኛት አያግኛት አላውቅም።

ስመኘው የወደቀባት ቦታ አንተ ሁልጊዜ ከሚኒባስ የምትወርድባት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የማየው እሱን አይደለም፤ አንተን ነው። ሻንጣህን ይዘህ ስትወርድ አይሃለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መንገዱ ደግሞ ይብሳል። ጋሽ ታከለ ራሳቸው ተሳፋሪ ከመኪና እያወረዱት ቀርቶ ወሬው የጠፋ ሰው እንዳለ ነግረውኛል። ይኼን ሲነግሩኝ ዓይኔን አላዩኝም።

ስለ ፊልም ስንከራከር ስንት ዘመን ኖርን? ዋናውን ነገር ግን አንዳችንም አልተነፈስነውም። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተኝቼ ለእማማ ሸጋዬ ስተርክ፣ ሳልነግረው ልሞት ነው እያልኩ ነበር። ስለዚህ ፊት ለፊት የማፍርበትን እዚህ ልጻፈው፦ እወድሃለሁ። ስትመጣ ልነግርህ ያሰብኩት ይኼንን ነበር።

አሁን ግን አትምጣ። በእናትህ፣ በእናቴም ይዤሃለሁ፣ ለበዓል ብለህ ያን መንገድ እንዳትሞክረው። ብትቀየመኝ ይሻለኛል። መልስህን ለጋሽ ታከለ ስጣቸውና አንተ እዚያው ቡሬ ቁጭ በልልኝ።

እስከዚያው የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የምትደነግጠው፣

ሰብለ
ፍኖተ ሰላም