የእምዬ ቤት ለምን እንዳማረ

ለምናፍቅህ ታናሽ ወንድሜ ለፈንታው፣ ሰላምታዬ ካለህበት ሙቅ አገር ድረስ ይድረስህ።

እንደምን ሰንብተሃል? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ወደብ ላይ ጆንያ አውርደህ ስትቃና እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ምግቡ፣ ውሃው፣ እንቅልፉ እንዴት ነው? እኔ እህትህ ዘነቡ አንተን ከመናፈቅ በቀር በአካሌ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሙሉዬም ልጆቹም ደህና ናቸው። እምዬም ደህና ናት። እንዲያውም እንደ ዘንድሮ ደህና ሆና አይቻት አላውቅም፤ የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

በነሐሴ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሰላምታው ገጹን ሞልቶት ወሬው ሁለት መስመር ነበር። በዚህ ዕድሜዬ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርሁት የአገሩን ሰው ሁሉ ስም ለማንበብ አልነበረም ብዬ ስቄብሃለሁ። አሁን ግን የኔ ወሬ ብዙ ነውና ሰላምታው ቢያጥርብህ ቅር አይበልህ።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ለዚህ ነው ደብዳቤውን የሚያመጣልህን የወልዲያውን ሾፌር አብዱልሀሚድን፣ በሜዳ እንዳትሰጠው፣ የላስታ ልጆች ካሉበት ቤት ወስደህ አስቀምጠህ ስጠው ብዬ ወላሂ ያስባልሁት። እንግዲህ አሁን ከግራ ከቀኝህ ያገር ልጆች ተቀምጠው ከሆነ በአጋጣሚ እንዳይመስልህ። ፈንታው፣ ታናሻችን ጋሻዬ ሞቷል። አልቅስና ከዚያ በኋላ ቀጥለህ አንብብ፤ የምለምንህ ነገር ስላለ ሳትጨርሰው እንዳትተወው።

የሰማሁት በጥቅምት አጋማሽ ነው። ከጋሻዬ ጋር በአንድ ዙር ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው የብልባላው ሙሉሃብት አንድ እግሩን አጥቶ ተመልሷል። ቅዳሜ ገበያ ጨው ተራ አገኘኝና ወደ ጥግ ስቦ፣ ጋሻዬ በሰኔ ወር ሳህል ተራራ ላይ እንደወደቀ፣ እሱ ራሱ በእጁ አፈር እንዳለበሰው ነገረኝ። እዚህ እንዳታለቅሺ፣ ከግንባር ወሬ አመጣህ ብለው ይይዙኛል አለኝ። እኔም አላለቀስሁም። ጨው ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ቤት ውስጥ ጨው ነበረኝ።

ለነፍስ አባታችን ለአባ ወልደ ኪዳን ነገርኋቸው። እሳቸውም ሽማግሎቹን ጠርተው መከሩ። መኸሩ ሳይገባ አይሆንም፣ የገናው እንግዳ ሳይሸኝ አይሆንም፣ የጥምቀት ታቦት መንበሩ ሳይመለስ አይሆንም ተባለና ለእምዬ የሚረዳበት ቀን ለጥር 14 ተቆረጠ። ከዚያ አባ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ ዘነቡ፣ ለመሆኑ ያን ሁሉ ለቀስተኛ የት ልናስቀምጠው ነው ብለው ጠየቁኝ።

ለአባታችን ተዝካር መጥተህ ስታየው ቤቱ ያዘመመ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብሶበት ነበር። የጣሪያው ሳር ጠቁሮ በሁለት በኩል ሰማይ ያሳያል። የውጭው ልስን ረግፎ ድንጋዩ አግጥጧል። መደቡ ፈርሷል። ደጁ በቁልቋልና ከካቡ በወረደ ድንጋይ ተሞልቶ በግ እንኳ ዞሮ የሚተኛበት አልነበረውም። ጋሻዬ ሲወሰድ፣ ስመለስ እኔ ራሴ አድሰዋለሁ ብሏት ነበርና እምዬ ማንንም አታስነካም። ሙሉዬ ባለፈው ዓመት የክዳን ሳር ተሸክሞ ቢሄድላት፣ ባለቤት ያለው ቤት ነው ብላ ከነሸክሙ መልሳዋለች።

ስለዚህ ምክንያት ፈለግን። ገበሬ ማኅበሩ፣ ለገና እንግዳ ስለሚበዛ ቤታችሁንም ደጃችሁንም አሳምሩ ብሎ በስብሰባ ተናግሮ ነበር። እኛም ይችን ይዘን፣ አቅም የላትምና በደቦ እንሥራላት ብለን፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት አርባ የምንሆን ሰዎች ደጇ ላይ ደረስን። እንደ ልማዷ ታባርረናለች ብዬ ስጠብቅ በር ላይ ቆማ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። ሴቶቹ ዓይኗን ማየት አቅቷቸው መሬት መሬት ያያሉ። ወንዶቹ ሲያወሩ ቆይተው እሷ ቀረብ ስትል ዝም ይላሉ። ይኸን ጊዜ ፊቷ በራ። እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና፣ አውቄባችኋለሁ አለችኝ። አርባ ሰው ለገና እንግዳ ብሎ የኔን ቤት አይሠራም፣ ልጄ ተሰናብቶ ሊመጣ ነው፣ በድንገት ከነገርናት በደስታ ትሞትብናለች ብላችሁ ነው የደበቃችሁኝ አለችኝ።

ፈንታው፣ በዚያች ሰዓት አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። የማኅበሩን ሊቀመንበር በሰው ፊት አፉን ያስያዝሁት እኔ ለገዛ እናቴ አንዲት ቃል አጣሁ። ዝም ብዬ መሬት መሬት አየሁ፤ እሷም ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። ጥፋቱ የሽማግሎቹ አይደለም፣ የአባም አይደለም፣ የኔ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ የምትሠራውን ብታይ እናትህ ናት አትልም። ወንዶቹ ቁልቋሉን መንጥረው ደጁን ደለደሉት። እኛ ያሰብነው ለለቀስተኛ ዳስ መጣያ ነው። እሷ ወጥታ በእርምጃዋ ለካችና፣ ልጄ እንደመጣ ልድረው ነው፣ የሠርግ ዳስ ይህ አይበቃውም፣ ካቡን ሁለት ክንድ ግፉልኝ አለቻቸው። እነሱም ካቡን አፍርሰው ገፉላት። ጭቃ የሚረግጡትን ከላያቸው ቆማ ታያለች፤ ጭዱ ካነሰ፣ ይኸ ለጥጃ ቤት ነው ብላ ትመልሳቸዋለች። ነጩን አፈር ከገደሉ ሥር ራሷ ወርዳ በአህያ አስጭና አመጣች። ግድግዳውን ከላይ ነጭ፣ ከመደቡ በታች ያለውን ቀይ አፈር አስቀባችው። በምሰሶው ዙሪያ በጣቷ ሐረግ ሣለችበት። ሙሽራ ጨለማ ውስጥ አትቀመጥም ብላም በምሥራቅ በኩል መስኮት አስከፈተች። ስንት ዘመን በጭስ የኖርንበት ቤት ለካ መስኮት ይችል ኖሯል።

ደጁም እንደዚሁ ነው። ከመንገዱ እስከ በሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነጥፋ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ጤና አዳምና አሪቲ ተክላለች። አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የጽጌረዳ ቁራጭ አምጥተው ሰጧት። እሷም፣ ለጋሻዬ ሠርግ ባያብብ እንኳ ለልጁ ክርስትና ያብባል ብላ መረቀቻቸው። አባ አሜን ብለው ወጥተው ከካቡ ኋላ ብዙ ቆዩ።

ቤቱስ አማረ። በመንደሩ የሚያህለው የለም፤ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። እሷም አብራ አማረች። ወገቧ ቀና፣ ምግብ ይስማማት ጀመር፣ ጎረቤት ላይ መቀለድ ጀመረች። አንዳንዴ ሳስበው ይህ አንድ ወር ለሷ የተሰጣት ምርቃት ነው እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ሰው በእናቱ ላይ ከዚህ የከፋ ነገር አይሠራም እላለሁ። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ትርንጎን ታስታውሳታለህ? የታችኛው ቤት ልጅ፣ ጋሻዬ ሳይወሰድ ዓይኑን የጣለባት ናት። እሷም አትጠላውም ነበር። አሁን በየቀኑ እየመጣች ትለስናለች። እምዬ ከኋላ ተቀምጣ እጇን ታይና፣ ለስላሳ እጅ ነው፣ ቤት ያቀናል ትላለች። ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስለምትሠራ እንባዋን የማየው አብሬያት የምለስነው እኔ ብቻ ነኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ይች ልጅ ግን የምታለቅስበት ደጅ እንኳ አላገኘችም። አልታጨች፣ አላገባች፣ ማን ብላ ታልቅስ?

ባለፈው እሑድ ደግሞ እምዬ እኔን ሳታማክረኝ ሁለት ሽማግሌ ወደ ትርንጎ አባት ላከች። ሽማግሎቹ ጋሻዬ መሞቱን ያውቃሉ። የትርንጎም አባት ያውቃል። እንቢ አንሄድም ቢሉ ምክንያቱን ትጠይቃቸዋለች፤ ስለዚህ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ሄዱ። ሰውዬውም በወጉ ተቀብሎ አስቀመጣቸው። እንደነገሩኝ ከሆነ ማንም ስለ ጋብቻ አልተናገረም። ሦስቱም ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው መጡና፣ ከጥምቀት በኋላ መልስ እሰጣለሁ ብሏል ብለው ለእምዬ ነገሯት። እሷም ደግ ነው፣ ሴት ልጅ ያለው ሰው እንዲህ ኮራ ማለት አለበት ብላ ሳቀች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን እያደር የሚወፍረው ውሸቱ ሆነ።

የምፈራውን ልንገርህ። ጥር 14 ጎህ ሲቀድ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣል። እሷ አዲሱን መስኮቷን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ደጇ ላይ ስታይ ልጇን አጅበው ያመጡላት ይመስላታል። እልል ብላ ትወጣለች። እልልታው ከአፏ ሳይወርድ ነው እሪታው የሚጀምረው። ያንን ቆሜ አላይም።

ለአባ ይህንኑ ነገርኋቸው። እሳቸው ወጉ ወግ ነው አሉ። ልጅ ለእናቷ ብቻዋን መርዶ አትናገርም፣ አገር ሳይሰበሰብለት ቢነገር ለሟቹም ውርደት ነው፣ ጋሻዬ መቃብሩ እንኳ በሌለበት ለቅሶውን አትንፈጉት አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተቀብያቸዋለሁ። ግን ቆርጫለሁ። የገናው እንግዳ እንደተሸኘ፣ ጥር 2 ቀን ጠዋት እኔው እነግራታለሁ። ሽማግሎቹ ይቆጡኝ፣ አባም ንስሐ ይስጡኝ። ጥር 14 አገሩ ሲመጣ ዳሱ ለምን እንደተጣለ አውቃ ትቀመጥበታለች፤ ለቅሶውም አይጎድልበትም።

የምለምንህ እንግዲህ ይህን ነው። ከጥር 2 በፊት ድረስልኝ። ቀበሌህን ይለፍ ጠይቅ፤ እናቴ በጠና ታማለች በላቸው፣ መርዶውን ከሰማች ወዲያ ውሸት አይሆንም። ጸጉርህን እንዳትላጭ፣ ጥቁር ለብሰህም እንዳትመጣ። መጀመሪያ ወደ እኔ ቤት ና እንጂ በቀጥታ ወደ እምዬ እንዳትሄድ፤ አንተን ስታይ ለሠርጉ የመጣህ ይመስላትና አንገትህ ላይ ትጠመጠማለች፣ ያኔ አንተም እንደኔ ዝም ትላለህ። አብረን እንገባለን። አንተ እጇን ትይዛለህ፣ እኔ እናገራለሁ። ይለፉን ከከለከሉህ አልቀየምህም፤ ብቻዬን እነግራታለሁ። ግን ፈንታው፣ ብቻዬን አታድርገኝ።

ይህን የምጽፍልህ እዚሁ እምዬ ቤት፣ አዲሱ መደብ ላይ ተቀምጬ ነው። ፊደል ስለማታውቅ ከፊቷ እጽፋለሁ፤ ይኸም ሌላ ኃጢአት ነው። ምን ይላል ስትለኝ ስለ ቤቱ እየነገርሁት ነው እላታለሁ። ለመስኮቷ አበባ ያለበት መጋረጃ ከአሰብ ይዘህ እንድትመጣ አዛሃለች። ይዘህ ና ልበልህ፣ ተወው ልበልህ አላውቅም። እንደመሰለህ አድርግ።

ሙሉዬ አይዞህ፣ በርታ ብሎሃል፤ ለመንገድህ በቅሎ ይዞ ይቀበልሃል። ልጆቹ ጉልበትህን ይስማሉ። አባ ወልደ ኪዳን እግዚአብሔር ያጽናህ ብለዋል። ትርንጎ ምንም አላለችም፤ ስምህን ሳነሳ ግን ቀና ብላ አይታኛለችና እንደ ሰላምታ ቁጠርላት። እምዬ ዓይንህን ሳመችህ፣ አንገትህን አቀፈችህ፣ ክፉ አይንካህ ብላሃለች።

እዚህ ላይ ስደርስ እምዬ አጠገቤ መጥታ ሰላም ያሉህን ሰዎች ስም አንብቢልኝ አለችኝና አነበብሁላት። በጣቷ ቆጠረችና አንድ ጎደለ አለችኝ። የጋሻዬን ለምን ተውሽው፣ እዚህ ቢሆን ወንድሙን ሰላም ሳይል ይቀር ነበር ወይ፣ አንቺ ጻፊለት አለችኝ። በነጭ አፈር የተለወሰ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ፣ እስክጽፈው ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።

ወንድምህ ጋሻዬ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ዘነቡ
ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1979 ዓ.ም.